የወይዘሮ ሰሊማ ጠጠር

«እናቴን በምግብ የገደለቻት ምራቷ ናት» ብላ ለፖሊስ ያመለከተችው ዳሊያ ነበረች፤ በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው የወይዘሮ ሰሊማ ልጅ። አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ተወሰደ። ኢንስፔክተር ጂቱ ቤቱ ስትደርስ ምራቲቱ ኑሰይባ ጓዳው በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። ክሱ ከጸና ወህኒ ትወርዳለች፤ ባሏ ፈሪድ እንኳ አጠገቧ አልቆመም። ሐዘን ሁልጊዜ የሚወቀስ ሰው ይፈልጋል።

«ምን ምግብ ሰጠሻቸው?» አለች ጂቱ።

«ያለ ዘይት የተቀቀለ ድንች» አለች ኑሰይባ። «የሐሞት ጠጠር ስላለባቸው ሐኪሙ ቅባት ከልክሏቸዋል። እኔም ዘይት እቤት ማስገባት ትቻለሁ። ኦፕራሲዮን ይሁኑ ብዬ ብለምን ሰሚ አጣሁ።»

«ምን ኦፕራሲዮን ያስፈልጋታል?» አለ ፈሪድ። «ጠጠሩ ከሰገራ ጋር ወጥቶላት የለ እንዴ?»

ከፍሪጅ ውስጥ ብልቃጥ አመጣ። አረንጓዴ ድብልብል ነገር ሞልቶበታል። ወይዘሮ ሰሊማ ለጎረቤት እያሳዩ «አላህ ከቢላ ሰወረኝ» ይሉ ነበር።

ጂቱ የብልቃጡን አፍ የሸፈነውን ጨርቅ አገላብጣ አየች፤ ዳሩ በማሽን ተዘምዝሟል። አንዷን ጠጠር አውጥታ ፀሐይ ያረፈበት መስኮት ላይ አስቀመጠችና ወደ ሆስፒታሉ ሄደች።

ስትመለስ ሦስቱንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው።

«ምግቡ አልገደላቸውም። ሐኪሙ ያገኘው በጠጠር የተሞላ የሐሞት ከረጢት ነው። አንዱ ጠጠር ቱቦውን ዘግቶ ኢንፌክሽኑ ደማቸው ውስጥ ገብቷል።»

«ታዲያ የወጣውስ?» አለ ፈሪድ።

ጂቱ ወደ መስኮቱ አመለከተች። ጠጠሯ ቀልጣ ቅባት ሆናለች።

«የሐሞት ጠጠር በፀሐይ አይቀልጥም። ይህ ጠጠር ያወጣል ተብሎ የሚጠጣ የወይራ ዘይትና ሎሚ ሆድ ውስጥ ረግቶ የወጣ ነው። ኑሰይባ ዘይት አታስገባም፤ ስለዚህ ከውጭ ያመጣ ሰው አለ። ብልቃጡንም በጨርቅ አሳምሮ ሸፍኖላቸዋል፤ የልብስ ሰፊ እጅ ነው።»

ዳሊያ አንገቷን ደፋች።

«እኔ ነኝ ያጠጣኋት። አባቴን ሐኪሞች ለጠጠር ብለው ሆዱን ሰፊ አድርገው ቀደውት በዚያው ቀረ። እሷንም እንዳላጣት ብዬ ነው።»

የፈሩት ይደርሳል።

«ያ የድሮው ነው» አለች ጂቱ። «ዛሬ በትንንሽ ቀዳዳ ያወጡታል።»

«ብትታከም ትተርፍ ነበር?»

ጂቱን ልጅቷ አሳዘነቻት፤ መዋሸትም አምሯት ነበር።

«በጊዜ ከደረሱ አብዛኞቹ ይድናሉ።»

አስከሬኑ ሲመለስ ዳሊያ ወደ ኑሰይባ ቀረበች።

«አንቺ እጠቢያት። እኔ በየትኛው እጄ?»

ኑሰይባ ይቅር አላለቻትም፤ ገና አልቻለችም።

«ብቻዬን አይሆንልኝም» አለች። «ነይ፣ ውሃውን ያዢልኝ።»