ደረቅ ጆንያ

ጀሊላ ወደ ወሰንየለሽ የበርበሬ መደብር የመጣችው ሰኞ ጠዋት፣ መዝጊያው ገና በግማሽ እንደተከፈተ ነበር። ጉዳዩን የካምፓላ ሠፈር በሆነችው ካምዎክያ ያለ ሐበሻ ሁሉ ሰምቶታል። ትናንት እሁድ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ከግንቡ ማማ ወድቀው ሞተዋል፤ የጀሊላ ባል፣ ረዳታቸው ኦብሳ ደግሞ ገድለሃል ተብሎ ታስሯል።

«እትዬ ወሰን፣ በረራችን ሐሙስ ነው» አለች፣ ማስኳን እንኳ ሳታወልቅ። «አራት ዓመት የጠበቅነው ነው። ሐሙስ እስር ቤት ካደረ ካናዳ ቀረ፤ ፋይላችን ተዘጋ ማለት ነው። አባባ ራሳቸው ወድቀው እንደሞቱ ለፖሊሶቹ ይንገሩልኝ። እርስዎን ይሰማሉ።»

«ራሳቸው መውደቃቸውን በምን አወቅሽ?»

«ሰባ ዓመታቸው ነው እኮ! በዚያ ዕድሜ ማማ ላይ ሲወጡ...» ሳትጨርሰው አለቀሰች። ያለቀሰችው ከአንጀቷ ነበር፤ ይህን ወሰንየለሽ በኋላም አልካደችም።

ወሰንየለሽ አዲስ አበባ ሃያ ሁለት ዓመት በወንጀል ምርመራ ክፍል ሠርታ፣ በመጨረሻ መነካት የሌለበት ሰው መርምራ የተሰደደች ሴት ናት። አሁን በርበሬ ትሸጣለች፤ አማርኛ የሚናገር ሰው ሲያዝ ደግሞ ፖሊስ ለአስተርጓሚነት ይጠራታል። ሰው ሲዋሻት ጆሮዋን ያሳክካታል ይባላል። ሐሰት ነው፤ ጆሮዋን የሚያሳክካት በርበሬው ነው።

ሻይ ስትሰጣት ጀሊላ ብርጭቆውን በግራ እጇ ተቀበለች። ቀኝ መዳፏ ቀልቶ ተልጧል።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ሳኒታይዘር ነው። የማጸዳበት ክሊኒክ በቀን ሃያ ጊዜ እጃችሁን ታጠቡ ይለናል።»

በፈረንጆቹ 2021 ካምፓላ ውስጥ እጁ ያልተላጠ ሰው አልነበረም። ወሰንየለሽ ቫዝሊን አውጥታ መዳፏን ቀባችላት። እጇን ገልብጣም አየች፤ ጀርባው ደህና ስለነበር ክዳኑን መልሳ ዘጋች።

«እሁድ አግኝተሻቸዋል?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ወስጄ ለዘበኛው ሰጥቼ ተመለስኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም። ማማው ላይ በዕድሜዬ ወጥቼ አላውቅም።»

ወሰንየለሽ መደብሩን ዘግታ ቦዳ የሚሉትን የኪራይ ሞተር ሳይክል ያዘች።

ግንቡ ካምዎክያን ቁልቁል የሚያይ ጉብታ ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት አንድ እንግሊዛዊ በአገሩ የጥንት ነገሥታት ግንብ አምሳል አሠራው። እሱ ሞተ፣ ጣሪያው ተናደ፣ ዛፍ በቀለበት። ከሁለት ዓመት በፊት እድሳት ሲጀመር ድንጋዩ የተጣበቀው በኖራ ስለነበር ሲሚንቶው አልይዝ አለ። ኖራ የሚያውቅ ሰው ተፈልጎ ተፈልጎ፣ ሠላሳ ዓመት የጎንደርን ግንቦች ሲጠግኑ የኖሩት ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ከስደተኛው መሀል ተገኙ። ቅዳሜ ከሰዓት ሐበሻ ሁሉ ሊጎበኝ ይመጣል፤ እሳቸውም «ቀስ በሉ፣ ግድግዳው ተኝቷል» እያሉ ያስጎበኛሉ። ወሰንየለሽም ሁለት ጊዜ ጎብኝታለች። በሁለቱም ጊዜ አገሯ የገባች መስሏት ስትወርድ ከፍቷት ነበር።

የፖሊስ መርማሪው ካቶ፣ እዚህ አገር መኮንንን እንደሚጠሩት አፋንዴ ካቶ፣ ማማው ሥር ጠበቃት። ደክሞታል፤ እንግሊዝኛውም ደክሞታል።

«ነገሩ ግልጽ ነው ማዳም። ቅዳሜ ሽማግሌው ‹ግንቡን ሳትጨርስ ጥለህ አትሂድ› ብለው ሲቆጡት፣ ኦብሳ በሰው ፊት ‹ይኼ ግንብ ይናድብዎት› ብሎ ረገማቸው። እሁድ ስምንት ሰዓት ላይ አስከሬኑን ያገኘሁት እኔ ነኝ የሚለውም እሱ ነው።»

«ሊገድል የመጣ ሰው ፖሊስ ይጠራል?»

«ብልጥ ከሆነ ይጠራል። አጠገባቸው እርጥብ ጆንያና የተሰበረ ስልካቸው ወድቆ ነበር። ግን ማዳም፣ እውነቱን ልንገርዎት፤ ቢሮ ውስጥ ሌላ አርባ ፋይል አለብኝ። ነገሩን አይተው አደጋ ነው ካሉኝ እፈርማለሁ፤ ልጁም ይሄዳል።»

ያን ቃል ወሰንየለሽ እንደ ትኩስ ዳቦ ተቀብላ ወደ ማማው ወጣች። አደጋ ሆኖ እንዲገኝ ምን ያህል እንደተመኘች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ቅዳሜ የተለሰነው የግድግዳው አናት ከዳር እስከ ዳር ጆንያ ለብሷል። አንድ በአንድ ነካቻቸው። ሁሉም እርጥብ ናቸው። ጋሽ ሀብተ ከወደቁበት፣ በገደሉ በኩል ያለው የመጨረሻው ጆንያ ብቻ ክው ብሎ ደርቋል። ውሃ የሞላው በርሜል አንድ እርምጃ ይርቃል። ጆንያውን ገለጠችው። ሥሩ፣ ነጩ ኖራ ላይ፣ ስምንት ጥልቅ የጣት ጉድጓዶች ነበሩ፤ ጫፋቸው ወደ ውጭ ተጎትቷል። ከእነሱ ስንዝር ርቆ አንድ ትንሽ የቀኝ መዳፍ ታትሟል።

«እሱን አይተነዋል» አለ ካቶ። «የቅዳሜ ነው። ሲሚንቶ በአንድ ሌሊት ድንጋይ ይሆናል። ሠራተኞቹ ሲለስኑ ነክተውት ነው።»

ወሰንየለሽ ምልክቱ ከሌለበት ቦታ ላይ አውራ ጣቷን ተጫነች። ሰኞ ነው፤ ኖራው ግን ጣቷን ተቀበለ።

«ይኼ ሲሚንቶ አይደለም አፋንዴ። ዛሬ የሚታተምበት ትናንትም ይታተምበታል።»

ካቶ ጎንበስ ብሎ በራሱ ጣት ሞከረው።

ሙሀነድን ከታች ኖራ በሚቦካበት ጉድጓድ ዳር አገኙት። ከጅማ የመጣ የሕንጻ ዕቃ ነጋዴ ነው። ባለፈው ሳምንት ጋሽ ሀብተ አንድ መኪና ኖራውን «ይኼ አመድ ነው» ብለው መልሰውበታል፤ እሁድ ሰባት ሰዓት ላይም ጉድጓዱን ሊያይ መጥቶ ነበር።

«ተቀይሜያቸው ነበር፣ አልዋሽም» አለ። «መጥቼ ተጣራሁ፤ መልስ ሳጣ ማማው ላይ ተኝተው ይሆናል ብዬ ሄድኩ። በዚያ በጀርባው በኩል ወድቀው እኮ ነው! ዞር ብል ኖሮ...»

«ደረቅ ጆንያ ኖራ ላይ ይለበሳል?»

«ማነው እንዲህ ያለው ደደብ? ደረቅ ጆንያ ውሃውን ይጠጣበታል። ኖራ በቀን ሦስት ጊዜ እየረጠበ ነው የሚደርቀው። እዚህ የሚሠራ ሁሉ ዘበኛው ሳይቀር ያውቃል፤ ማታ ማታ የሚያጠጣው እሱ ነው፤ ትናንት ማታ ብቻ ፖሊስ ማማውን ስለዘጋበት ቀረ።»

«በባዶ እጅ ቢነኩትስ?»

«ቆዳ ይበላል። እኛ ዘይት ተቀብተን ነው የምንነካው። ከነካንም በሎሚ ነው የምንታጠበው። በሳሙና የታጠበ በማግስቱ ያለቅሳታል።»

በሩ ላይ ለኮሮና የተሰቀለ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ነበር፤ ከሥሩ ሳሙና። ወሰንየለሽ ሳሙናውን እያየች ዘበኛውን ዘማርያምን ጠራችው።

«ትናንት ስድስት ሰዓት ላይ ጀሊላ ምሳ ሰጠችህ?»

«አዎ፣ በእጄ።»

«ምን አለችህ?»

ዘማርያም ኮፍያውን አወለቀ፤ መልሶ አደረገ። «እንዴት ዋልክ አለችኝ።»

«ዘማርያም፣ እኔ ከሥራ አላስወጣህም። የት ነበርክ?»

«ርቦኝ ነበር እትዬ» አለ በመጨረሻ። «መንገድ ዳር ሮሌክስ የሚሉትን ጥቅልል ልበላ ወጣሁ። ቻፓቲው እስኪጋገር፣ እንቁላሉ እስኪጠበስ አንድ ሰዓት ፈጀ። ስመለስ የምሳ ዕቃው ወንበሬ ላይ ተቀምጧል። እሷ ‹ለዘበኛው ሰጠሁት› ማለቷን ስሰማ ደስ አለኝ፤ ቦታዬ ላይ እንደነበርኩ ይመሰክርልኛል ብዬ።»

ሁለት ውሸታሞች ሳይማከሩ አንዱ ለሌላው ዋስ ቆመው ነበር።

የቀረው የሟቹ ስልክ ነበር። መስታወቱ ቢሰነጠቅም ይሠራል። ቅዳሜ ማታ ከኢትዮጵያ ተደውሎ አርባ ደቂቃ ተወርቷል። ወሰንየለሽ መልሳ ደወለች። አንድ ወንድ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም «አባት፣ ነገሯት?» አላት። ሩብ ሰዓት ያህል ቆማ አዳመጠችው። ስልኩን ዘግታ የኖራ ጆንያ ላይ ተቀመጠች።

«አደጋ ነው?» አለ ካቶ።

አዎ ብትል ያበቃ ነበር። ሁለት ወጣቶች ሐሙስ ይበሩ ነበር። ጋሽ ሀብተ እንደሆኑ አይነሱም። ይህን ሁሉ አሰበችው፤ ግን እነዚያ ስምንት ጉድጓዶች ከዓይኗ አልጠፋ አሏት።

«ነገ ሁሉንም እዚህ ሰብስብልኝ» አለችው።

ማክሰኞ ስድስት ሰዓት ላይ ማማው ሥር ተሰበሰቡ። ሙሀነድ ቆሟል፤ ዘማርያም ከሱ ኋላ። ኦብሳን በካቴና አመጡት። ጀሊላ ልትጠጋው ስትል ፖሊሱ ከለከላት። ወሰንየለሽ አንዱን ዐረፍተ ነገር በአማርኛ፣ ያንኑ ለካቶ በእንግሊዝኛ እያለች ጀመረች።

«ጋሽ ሀብተ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጆንያዎቹን እያረጠቡ እስከ ዳር ደረሱ። የመጨረሻው ጆንያ አብሯቸው ወደቀ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰው ከክምሩ ሌላ ጆንያ አንስቶ ባዶውን ቦታ አለበሰ፤ ደረቅ ጆንያ፣ በርሜሉ አጠገቡ እያለ። ኦብሳ፣ አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?»

«እነክረዋለሁ» አለ ኦብሳ ሳያስብ።

«ሙሀነድም ይነክረዋል፤ ዘማርያምም። እጃቸው ሳያስቡት ይነክረዋል። ስለዚህ ማማው ላይ የነበረው ሰው ኖራ እንደሚሸፈን እንጂ እንደሚረጥብ አያውቅም። ደግሞ ዘይት ሳይቀባ እርጥብ ኖራ ላይ ተደግፏል፤ ከዚያም በሩ ላይ በሳሙና ታጥቧል። ሳኒታይዘር ሁለቱንም እጅ፣ መዳፉንም ጀርባውንም ነው የሚልጠው። የአንድ እጅ መዳፍ ለይቶ አይልጥም።»

ሁሉም ወደ ጀሊላ አዩ። ጀሊላ ቀኝ እጇን ሻሽዋ ውስጥ ከታ ነበር።

«እሷ ምን አድርገውኝ ብላ ነው!» ብሎ ጮኸ ኦብሳ። «ሠርጋችን ላይ ዋስ ሆነው የቆሙት እሳቸው ናቸው እኮ!»

«ዋስ ስለሆኑ ነው የሞቱት» አለች ወሰንየለሽ። ድምጿ ወረደ። «ቅዳሜ ማታ ሳሊህ የሚባል ሰው የሠርጉን ዋስ አፈላልጎ ከደሴ ደውሎላቸዋል። ከሰባት ዓመት በፊት ታስሮ ሞተ የተባለ የመኪና ሹፌር ነው። አልሞተም። ሚስቱን ይፈልጋል።»

ኦብሳ የሰማው አልመሰለም። ጀሊላ ግን ወሰንየለሽን ሳይሆን እሱን እያየች መናገር ጀመረች።

«ሞቷል ብለውኝ ነው ያገባሁህ። ወላሂ ሞቷል ብለውኝ ነው። መኖሩን የሰማሁት ሁለት ወር አይሆነኝም። ኪቡሊ መስጊድ ያሰርነው ኒካሕ ፈረሰ ልበልህ? ፋይላችን ላይ ‹ባሏ የሞተባት› ተብሎ ነው የተጻፈው። ከሐሙስ በኋላ እነግረዋለሁ አልኩ፤ ካናዳ ገብተን።»

«እሁድ ምሳ ይዘሽ ወጣሽ» አለች ወሰንየለሽ።

«ከላይ ሆነው ጠሩኝ። ‹እስከ ማታ ንገሪው፤ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ› አሉ። እንቢ ስላቸው ስልካቸውን አወጡ። ልነጥቃቸው እጃቸውን ስይዝ ወደ ኋላ ሄዱ...»

«እስከዚህ ድረስ አደጋ ነው» አለች ወሰንየለሽ። «ግን ጀሊላ፣ የሚያልፍ እጅ ጭረት ነው የሚተወው። ጉድጓድ የሚተወው የተንጠለጠለ ሰው ነው። ቆይተዋል።»

ከታች ከካምዎክያ የቦዳ ጥሩምባ ይሰማል።

«‹ልጄ፣ እጅሽን› አሉኝ» አለች ጀሊላ። «ተንበረከክሁ። አንድ እጄን ግድግዳው ላይ ተደገፍኩ፤ ሌላውን ልሰጣቸው ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ሐሙስ ትዝ አለኝ።»

ካቶ ትርጉሙን ጠበቀ። ወሰንየለሽ ሁለት ጊዜ ጀምራ ነው የጨረሰችለት።

«ጆንያውን ያለበስሽው ምልክቱን ለመደበቅ ነው?»

«ምልክት መኖሩንም አላየሁ እትዬ። ኦብሳ ቤት ሲመጣ ‹ያልተሸፈነ ኖራ ይሞታል› ይለኛል። የሱ ሥራ እንዳይበላሽበት ብዬ ነው።»

ኦብሳ ካቴናው ሲፈታለት እጁን እንኳ አላሻሸም። ሚስቱን ቆሞ ሲያያት ቆየ።

«ማርጠብ ነበረብሽ» አላት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይላል የአገሬ ሰው፤ ጀሊላ ግን የቆጡንም የብብቷንም፣ የሰው ነፍስም ጨምራ ጣለች። ፋይሉ በእሷ ስም ስለነበር ረቡዕ ጠዋት ታገደ። ኦብሳ በማያውቀው የሐሰት ቃል ገብቶ ተገኘ፤ በራሱ ስም ቢያመለክት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ሲጠይቅ «አይታወቅም» አሉት። ሳሊህም በሰጠችው ቁጥር ወደ ወሰንየለሽ በየቀኑ ይደውላል። እስካሁን አላነሳችለትም።

ሐሙስ ከሰዓት ወደ ግንቡ ወጣች። ኦብሳ ማማው ላይ ብቻውን ነበር። እጁ በዘይት ያብለጨልጫል።

«ካቶ ፎቶውን ጨርሷል» አለችው። «ለስነው ብሎሃል።»

«ነግሮኛል።»

የልስን ካዞላውን አንስቶ ጉድጓዶቹ ላይ አስጠጋ። ትንሿ መዳፍ አጠገባቸው ነበረች፤ ጣቶቿ ተዘርግተው። ሳይለስን ካዞላውን መልሶ አስቀመጠ።

«ስንት ቀን ነው የሚረጥበው?» አለች ወሰንየለሽ።

«አሥራ አራት።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ መቶ ዓመት አይለቅም። ግን አራት ቀን ደርቆበታል፤ ይተርፍ አይተርፍ አላውቅም።» ደረቁን ጆንያ አነሳ። በርሜሉን አየ፤ ከማክሰኞ ወዲህ የሞላው ሰው ስላልነበረ ባዶ ነው። «ውሃ ያቀብሉኝ እትዬ።»

ወሰንየለሽ በርሜሉ ሥር የተቀመጠውን ጀሪካን ይዛ ደረጃውን ወረደች።