ባሕሩን ያየ ሰው

ስንዱ የሞተችው ሰበታ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ሁሉ ፊልም እያየ ሳለ ነው። ጊዜው 1962 ዓ.ም. ነበር። ባሏ አቶ ዳኜ አሮጌውን የእህል መጋዘን ሲኒማ ቤት አድርጎታል። ፊልሙ የሚታይበትን ነጭ አቡጀዲ ገጣጥማ የሰፋችው እሷ ነበረች። መብራቱ ሲበራ ከአቡጀዲው ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከለለችው እቃ ቤት፣ በገዛ ነጠላዋ ታንቃ ተገኘች።

መቶ አለቃ ውብአየሁ ሲደርስ ሕዝቡ ከጓሮ የመብራቱን ሞተር የሚያንቀሳቅሱትን ኦቦ ነገሳን አስሮ ደጅ አንበርክኳቸዋል። «ከጓሮ የነበረው እሱ ብቻ ነው!» ይላል ሁሉም። የሽማግሌው ከንፈር ተሰንጥቋል።

«ማን ነው የደበደባቸው?»

«ሁላችንም» አለ አንዱ፣ ሳያፍር።

መቶ አለቃው በመጀመሪያ ባልየውን ጠየቀ።

«የኋላው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ ከቦታዬ አልተነሣሁም» አለ ዳኜ።

«ፊልሙስ እንዴት ነበር?»

«ግሩም ነው ጌታዬ! በተለይ ያ ሰማያዊ ባሕር፤ ጀልባዎቹ ነጭ ሸራቸውን ዘርግተው…»

«ሚስትዎ ሞተው ባሕሩ ትዝ አለዎት?»

«እርስዎ ጠየቁኝ እንጂ!»

ቀጥሎ ኦቦ ነገሳ ተፈትተው ገቡ።

«ሞተሩ ዘንድ ነበሩ?»

«ብናገር አቶ ዳኜ ከሥራ ያባርረኛል።»

«ባይናገሩ ይሰቅሉዎታል።»

«ዋቃዮ! ሞተሩን ትቼ በጎን፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ ፊልሙን አያለሁ። እንደ ደም የቀላ አሸዋ፣ በላዩ ሁለት ጨረቃ። መምህር ባይሳ ግን ባሕር፣ ባሕር ይላል! ጠብታ ውሃ የለም። ይሄ ሰው ታወረ እንዴ ብዬ ሳቅኩ።»

መምህር ባይሳ ፊልም በታየ ቁጥር ከአቡጀዲው አጠገብ ቆሞ፣ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛና በኦሮምኛ የሚያስረዳ ሰው ነው። አላፊ አግዳሚው ተስቦ እንዲገባ ድምፁ ደጅ በተሰቀለ ማጉያ ጭምር ይሰማል።

«ባሕሩን ከየት አመጡት?» አለው መቶ አለቃው።

«ከመጽሐፉ። ፊልሙ ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው፤ ሥዕሉ ዓይን ያፈዛል፣ ታሪኩን ግን ገድለውታል። መጽሐፉ ላይ ሰዎቹ ሌላ ዓለም ደርሰው ባሕር ሲያገኙ ያለቅሳሉ። እዚህ አሸዋ አይተው ያለቅሳሉ! ተናደድኩና ባሕሩን ከነጀልባዎቹ እኔ ጨመርኩላቸው።»

«ያን ጊዜ የጮኸች ሴት ነበረች?»

«ጮኻለች። ከተመልካቾቹ አንዷ የደነገጠች መሰለኝ። ፊልሙ ውስጥማ ሴት የለችም።»

መቶ አለቃው ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበ። የስንዱ እናት እማማ ተረፈች ከፊት ተቀመጡ።

«ጩኸቱን የሰማችሁት ምን ስታዩ ነው?»

«አሸዋውን!» አለ ሕዝቡ።

«ባሕር ያየ አለ?»

አንድ ሰው ሳቀ።

«ኦቦ ነገሳ አሸዋውን አይተዋል። ስለዚህ በዚያች ሰዓት ዓይናቸው ቀዳዳው ላይ ነበር። መምህሩ እፊታችሁ ነበሩ። አቶ ዳኜ ግን አቡጀዲው ላይ ያልነበረ ባሕር አዩ። ባሕሩ የነበረው በመምህሩ ድምፅ ውስጥ ብቻ ነው። እዚህ የተቀመጠ ሰው አሸዋ ያያል፤ ከቆርቆሮው ማዶ፣ እቃ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ግን ባሕር ይሰማል። አቶ ዳኜ፣ ለምን ገደሏት?»

«ልትፈታኝ ሽማግሌ ጠርታ ነበር» አለ ዳኜ፣ እንደ ተራ ወሬ። ዙሪያውን አየና ፈገግ አለ። «በእኔ ብቻ አትፍረዱ። ስትጮህ እናንተ አጨበጨባችሁ።»

ኦቦ ነገሳን ይዘው የነበሩት ሰዎች መሬት መሬት አዩ።

«ፊልሙ መስሎኝ ነው» አሉ እማማ ተረፈች። «መጀመሪያ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። መቶ አለቃ፣ ልጄ… ሰምታኝ ይሆን?»

ውብአየሁ ካቴናውን አወጣ።

«ሰምታለች» አለ ዳኜ። «መታገል ያቆመችው ያኔ ነው።»