አትምጪ ያለው ድምፅ

በናሩማ መንግሥት፣ ንግሥት ሶሬማ በነገሡ በዘጠነኛው ዓመት፣ በጠራራ ቀትር ታናሺቱ ፀሐይ ጠቆረች። ታላቂቱ ፀሐይ በቦታዋ እያበራች ሳለ እኅቷ እንደ ከሰል ጠቁራ ሰማይ ላይ ተንጠለጠለች። ወፎች ከየቅርንጫፉ ረገፉ። ከምሥራቅም፣ ከመስተዋት ሜዳ ማዶ፣ ምድርን ከእግር በታች የሚያንዘፈዝፍ ድምፅ መጣ። አሮጊቶች በግንባራቸው ተደፍተው «ጠሪው ነቃ! ልጆቻችሁን እሰሩ!» እያሉ ጮኹ።

ጠሪው በቅድመ አያቶች ዘመን ከሰማይ የወደቀ፣ ተራራ የሚያህል ብረት ነው። በወደቀበት ቀን የምድረ በዳው አሸዋ ቀልጦ የሦስት ቀን መንገድ የሚሆን መስተዋት ሆኖ ቀረ። በየሃያ ዓመቱ ገደማ ይነቃና ከየአገሩ ሰዎችን ይጠራል። የተጠራው ሰው በእጁ የያዘውን ጥሎ፣ በእንቅልፉ እንደሚሄድ ሰው ወደ እርሱ ይሄዳል። የተመለሰ የለም።

በዚያ ቀን ከከተማይቱ የተጠራው ናዖድ ነበር። ናዖድ የሁለቱን ፀሐዮች አካሄድ እያሰላ የዘር ወራትንና የበዓላትን ቀን የሚናገር የቤተ መንግሥቱ ዘመን ቆጣሪ ነው። ገመድ እየገመደች የምትተዳደረው ታናሽ እኅቱ ትርሲት ምሳ አምጥታለት አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ድንገት ብርዑን ጣለ፤ ቀና ብሎ ወደ ባዶው በር እያየ፣ «አቤት» አለ። ተነሥቶም ሄደ። ልብሱን ጨምድዳ ያዘችው፤ እየጎተታት ሄደ። እየጮኸች ለመነችው፤ አልሰማትም። የከተማይቱ በር ላይ ሲደርሱ ጣቶቿ ዛሉና ወደቀች። ናዖድ አንዴ እንኳ ወደ ኋላ ሳይዞር የሜዳው ነጸብራቅ ዋጠው።

በማግሥቱ ትርሲት በዙፋኑ ፊት ቆመች።

«ግርማዊት ሆይ፣ ወንድሜን ፍለጋ እንድሄድ ይፍቀዱልኝ።»

ንግሥት ሶሬማ ከዙፋናቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። ከዚያም፣ «ልጄ ሆይ፣ አባቴ ሦስት መቶ ፈረሰኛ ወደዚያ ሰድደው ነበር» አሉ። «ጆሯቸውን በሰም ደፍነው ሄዱ። ያ ድምፅ ግን በአጥንት ጭምር ይገባል። እያንዳንዱ የሚወደውን ሰው ድምፅ እየሰማ በየአቅጣጫው ሮጠ፤ በውኃ ጥም አለቁ። አንቺ ከእነርሱ ይልቅ ደፋር ነሽን?»

«አይደለሁም። ከትናንት ጀምሮ ጥርሴ እንደተንገጫገጨ ነው። ፈሪ ነኝ፣ ግርማዊት ሆይ። ነገር ግን በሁለቱ ፀሐዮች እምላለሁ፤ እግሬ እስካልከዳኝ ድረስ ወንድሜን ሳላይ አልመለስም!»

ከዘበኞቹ መካከል ጢማቸው እስከ ደረታቸው የወረደ ሽማግሌ ወደ ፊት ወጡ። አዛዥ መርዕድ ይባላሉ። በአንድ ዘመቻ የባሩድ ቤት አጠገባቸው ፈንድቶ ሁለቱም ጆሮዎቻቸው ደንቁረዋል፤ የሰው ነገር የሚገባቸው ከንፈር እያዩ ነው።

«የዚህችን ልጅ መሐላ አይቻለሁ» አሉ፣ እንደ ደንቆሮ ሰው ልማድ እየጮኹ። «ጠሪው ወደ ሰው ሁሉ የሚገባበት በር አለው፤ የእኔ በር ግን እስከ አጥንቴ ድረስ ከተዘጋ ቆየ። እኔ እመራታለሁ። ንግሥቴ ሆይ፣ እምቢ ቢሉኝም መሄዴ አይቀርም፤ ስለዚህ ቢመርቁኝ ይሻላል።»

ንግሥቲቱ ከዙፋናቸው ወርደው መረቋቸው።

ጎርማ በሚባለው ባለ ስድስት እግር እንስሳ ላይ ተቀምጠው ሁለት ቀን ተጓዙ። ከላይ ታላቂቱ ፀሐይ፣ ከታች በመስተዋቱ ውስጥ ምስሏ ያቃጥሏቸው ነበር። በየመንገዱ የነዚያን ፈረሰኞች ዐፅም አገኙ። አንዱ በግንባሩ ተደፍቶ እጁን ወደ ባዶ ሜዳ ዘርግቷል። ትርሲት እጁ ወደሚያመለክትበት ላለማየት ዓይኗን ጨፈነች።

በሦስተኛው ቀን ጎርማው ቆመ። ቢጎትቱት አልነቃነቅ አለ፤ ሽንቱን ለቀቀና ዞሮ ፈረጠጠ። ከፊታቸው ጠሪው ቆሟል፦ ጥቁር፣ መስኮት የሌለው፣ ጫፉ በደመና የተሸፈነ። ትርሲት ይዛው ከመጣችው ገመድ አንዱን ጫፍ በራሷ ወገብ፣ ሌላውን በአዛዡ ወገብ አሰረች።

«ልሂድ ብዬ ብጮህ አይስሙኝ» አለቻቸው።

«እሱን እንኳ ለእኔ ተይው» አሉና ፈገግ አሉ።

በብረቱ ስንጥቅ ገብተው ሃያ እርምጃ እንኳ ሳይሄዱ ድምፁ መጣ። የናዖድ አልነበረም።

«ትርሲቴ፣ የእኔ ከርታታ፣ ነይ እስቲ ጸጉርሽን ልሥራልሽ።»

የእናቷ ድምፅ ነው። እናቷ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ነገሩ ሲገባት ይበልጥ ፈራች፤ ጠሪው ይህን ድምፅ የቀዳው እናታቸውን ከሚያውቀውና በእጁ ካለው ከናዖድ ልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ወንድሟ አልሞተም፤ አእምሮው ግን እንደ ጎተራ እየተዛቀ ነው።

ከዚያ የናዖድ ድምፅ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከጣሪያው መጣ። «እኅቴ፣ እዚህ ነኝ። ነይ። ቶሎ ነይ።» ትርሲት ወደ አንዱ ተወረወረች፤ ገመዱ መለሳት። ወደ ሌላው ተወረወረች፤ ገመዱ ወገቧን ቆረጣት። አለቀሰች፤ ተሳደበች፤ «ይልቀቁኝ!» ብላ አዛዡን በጡጫ መታቻቸው። አዛዥ መርዕድ ጀርባቸውን ሰጥተው እየጎተቷት ሄዱ።

ያን ጊዜ ከግድግዳው ሥር ውሻ የሚያህሉ የብረት ጊንጦች ወጡ። አዛዡ በብረት ዱላቸው አንዱን ቀጠቀጡት፤ ሁለተኛውን ረገጡት። ሦስተኛው ግን ሰው አልነካም። ገመዱን ቆረጠው።

ትርሲት ሮጠች። ራሷን ማቆም አልቻለችም፤ ጨለማው ውስጥ «ነይ፣ ነይ» የሚሉ መቶ ድምፆች ይስቧት ነበር። በመካከላቸው አንድ የደከመ፣ የተቆራረጠ ድምፅ ሰማች።

«አትምጪ… ትርሲት፣ በእናታችን አጥንት… ተመለሺ…»

ቆመች። የቀኝ እግሯ ጣቶች ባዶ ነገር ረገጡ። ከፊቷ መጨረሻው የማይታይ ጉድጓድ ነበር።

አዛዥ መርዕድ ደርሰው በትከሻዋ ያዟት። ፊቷን ብርሃን ወደሚገባበት ስንጥቅ አዙራ፣ ከንፈሯን እያሳየች፣ «ሁሉም ነይ ይላሉ» አለቻቸው። «አንዱ ብቻ አትምጪ አለኝ። ወንድሜ እሱ ነው። እኔን ወደ ሞት አይጠራኝም።»

«እንግዲያው ወደሚያባርርሽ ድምፅ ምሪኝ» አሉ።

ድምፁ «ተመለሺ» ባለ ቁጥር እርሷ ወደ እርሱ ተጠጋች። በመጨረሻ ቅዝቃዜው አጥንት የሚሰብር ሰፊ አዳራሽ ደረሱ። በአዳራሹ አርባ የመስተዋት ሣጥኖች ተደርድረዋል፤ በየሣጥኑ አንድ ሰው ተኝቷል፤ ከየራሱ የብር ክር ወጥቶ ወደ ጣሪያው ይሄዳል። ናዖድ በመጨረሻው ውስጥ ነበር። ዓይኖቹ ተከፍተዋል፤ አያዩም።

በአዳራሹ ውስጥ ጠሪው በሁሉም አፍ በአንድነት ተናገረ፦ «መርከብ ነኝ። ከከዋክብት መካከል ወደቅሁ፤ የአገሬን መንገድ ረሳሁ። መንገዴን የሚያሰሉልኝ ራሶች ያስፈልጉኛል። ስሌቱ አላለቀም። እናንተም ተኙ።»

ከኋላቸው በሩ መዘጋት ጀመረ።

«መዘውሩ…» አለ የናዖድ ድምፅ፣ ከሣጥኑ ሳይሆን ከግድግዳው። «ከአዳራሹ ጀርባ በሚነድደው እሳት አጠገብ ያለው ቀይ መዘውር። ተዘውሮ እስከተያዘ ድረስ በሮቹም ሣጥኖቹም ክፍት ናቸው። የያዘው ግን ይቃጠላል። አታድርጊው። ሂጂ።»

ትርሲት ሰማች። ማን ሊሄድ እንደሚገባ አወቀች፤ የመጣችው ለወንድሟ ነው። እግሯ ግን አልነሣ አለ። አፏን በእጇ ሸፈነች።

አዛዥ መርዕድ አላዩዋትም። ከአንድ ሣጥን ፊት ቆመው ነበር። በውስጡ አሥራ ስምንት ዓመት የማይበልጣት ልጃገረድ ተኝታለች።

«አስካል ትባላለች» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ልጄ ናት። ከጠፋች ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት፤ አንድ ቀን እንኳ አላረጀችም። ያኔ ዘመቻ ላይ ነበርኩ፤ ያን ጊዜ መስማት እችል ነበር፤ ልደርስላት ግን አልቻልኩም።» ወደ ትርሲት ዞሩ። «ትናገራለች? ምን ትላለች? እጅሽን ከአፍሽ አንሺና ንገሪኝ።»

ትርሲት ጆሮዋን አቀናች። ከድምፆቹ ሥር አንድ ቀጭን ድምፅ ነበር።

«‹አባዬ፣ አትምጣ፤ ተመለስ› እያለች ነው።»

የሽማግሌው ፊት በራ። «እንግዲያስ ልጄ ናት!» አሉ። ቀጥለውም፣ «ወንድምሽስ ምን አለሽ? አትደብቂኝ።»

ነገረቻቸው። እየነገረቻቸው ምን እያደረገች እንደሆነ ታውቅ ነበር። አዛዡ ዱላቸውን ሰጧት፤ ግንባሯን ሳሟት፤ ወደ እሳቱ ሄዱ። እርሷም አልከለከለቻቸውም።

መዘውሩ ሲያንቋርር የአርባው ሣጥን ክዳን ባንድ ጊዜ ተነሣ። ትርሲት የብር ክሩን ከናዖድ ራስ ነቀለች፤ ከአስካልም፤ ከሁሉም። «ተነሡ! ወደ ብርሃኑ!» እያለች ገፋቻቸው፤ መሄድ ያልቻሉትን ጎተተቻቸው። ከኋላዋ የእሳቱ ግለት ጸጉሯን አሳረረው። ጩኸት እሰማለሁ ብላ ጠብቃ ነበር። አዛዥ መርዕድ ግን አንድ ቃል አልወጣቸውም፤ መዘውሩንም፣ የመጨረሻው ሰው ስንጥቁን እስኪያልፍ ድረስ፣ አልለቀቁትም።

ውጭ ታላቂቱ ፀሐይ ትተኩሳለች። ምድሪቱን ያንዘፈዝፍ የነበረው ድምፅ ቆመ። ታናሺቱ ፀሐይ እንደ ፍም ቀላች፤ ቀጥላም ነጭ ሆነች። አርባዎቹ ሰዎች መስተዋቱ ላይ ተቀምጠው እጃቸውን እያገላበጡ ያዩ ነበር። ናዖድ ራሱን በእኅቱ ጉልበት ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ያለቅሳል።

አስካል ተነሥታ ወደ ስንጥቁ ተመለከተች። «አባቴ እዚህ ነበር» አለች። «በእንቅልፌ ድምፁን ሰምቻለሁ። የት ነው?»

ትርሲት የወንድሟን ራስ ቀስ ብላ መሬት ላይ አሳርፋ ቆመች። በጉዞው ሁሉ እንደዚህች ሰዓት የፈራችበት አልነበረም።

«እዚያው ቀሩ። በሩን የያዙልን እርሳቸው ናቸው። መግባት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ ወንድሜን ብዬ የመጣሁት እኔ ነኝ። ፈራሁ። ሲሄዱ እያየሁ ዝም አልኩ።»

አስካል እንደምትመታት ሆና ቀረበች። ከዚያ ክንዷ ወረደ። ጸጉሯ የተቃጠለውን፣ ወገቧ በገመድ የደማውን ሴት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«ሸብቶ ነበር?» አለች በመጨረሻ።

«ሸብተው ነበር። ጢማቸው እስከ ደረታቸው ይደርስ ነበር።»

«እኔ የማውቀው ጥቁር ጢም ነበር።» አስካል ተቀመጠች፤ ጉልበቷን አቅፋ ወደ ጥቁሩ ብረት ስታይ ቆየች። «መንገዱ ስንት ቀን ነው?»

«ሦስት ቀን።»

«እንግዲያው ሦስት ቀን ሙሉ ስለ እሱ ንገሪኝ። ያየሽውን ሁሉ፤ የፈራሽውንም ሳትዘዪ።»

ናዖድን በሁለት ወገን ደግፈው አነሡት። ሌሎቹ ሰዎች ተከትለዋቸው ወደ ምዕራብ ሲያመሩ ትርሲት ከዙፋኑ አዳራሽ ጀምራ መናገር ጀመረች።