የግራ ጎን

«አምጣ! ስልኬን አምጣ!»

የትዕዛዙ ጥፊ ከዲከረንሱ ጫካ ውስጥ እንደ ጅራፍ ጮኸ። ከአዲስ ቅዳም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አጥር ጀርባ፣ ለከሰል የተተከለው ዛፍ በተጠጋጋበት ቦታ፣ ሰባት ስምንት ተማሪዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። መካከል ላይ ስንታየሁ አንድ እጁን ከፊቱ አድርጎ ይንገዳገዳል።

«አልወሰድኩም! መልሼልሃለሁ እኮ፤ በእጅህ ነው የሰጠሁህ!»

«ውሸታም!»

ቡጢው አፍንጫው ላይ አረፈ። ደሙ በከንፈሩ ወርዶ የደንብ ልብሱን ሹራብ አጠቆረው። ከቆሙት አንዱ «በለው ሌባውን!» አለ። ሌላው ሳቀ።

የትዕዛዙ እህት ምሥራቅ ከክቡ ውጭ አንድ ቀጭን ግንድ ይዛ ቆማ ነበር። «ተዉ» ለማለት አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ስንታየሁ ተደናቅፎ ወደቀ። ትዕዛዙ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ፤ ኳስ እንደሚመታ ሰው ተንደርድሮ መጣና በግራ ጎኑ፣ ልክ ከጎድን አጥንቱ ሥር ረገጠው። የሙሉ ጆንያ አወዳደቅ የመሰለ ድምፅ ተሰማ። ስንታየሁ አልጮኸም። አፉን ከፍቶ አየር ፈለገ፤ አጣ። ከዚያ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ሰብስቦ እንደ ሕፃን ተጠቀለለ።

ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ። አንዱ «ይበቃዋል አቦ፣ እንሂድ» አለ፤ ሁሉም ተበተኑ። ምሥራቅም አብራ ሄደች። ያን ቀን ካደረገችው ሁሉ ኋላ በብዙ ሌሊት ያባነናት ይኸው ነው፤ ዘወር ብላ አየችው፣ አየችውና ሄደች።

ስልኩን ስንታየሁ አልወሰደም። ምሥራቅ ይህን በእርግጠኝነት ታውቃለች። ማክሰኞ ማታ ወንድሟ ሳያይ ከትራሱ ሥር አንሥታ ቪዲዮ ልታይ ሽንት ቤት ይዛው ገባች፤ እናቷ ድንገት ስትጠራት ደንግጣ ለቀቀችው። ጉድጓዱ ጥልቅ ነው። ረቡዕ ጠዋት ትዕዛዙ ቤቱን ሲያምስ፣ «ማነው ያየው? ተናገሪ!» ብሎ ክንዷን ጠምዝዞ ሲይዛት፣ ከአፏ የወጣው የስንታየሁ ስም ነበር። «ትናንት ሊደውል ይዞት አይደል?» አለች። መያዙ እውነት ነው። መመለሱንም አይታለች፤ እሱን ግን አልተናገረችም። ስንታየሁ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ አብሯት የሚቀመጥ፣ ሒሳብ ሲከብዳት የሚያስረዳት ልጅ ነው።

ሐሙስ ስንታየሁ አልመጣም። ዓርብ መጣ። አፍንጫው አብጧል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ከአጠገቧ ሲቀመጥ ግራ ትከሻውን በቀኝ እጁ ይዞ ነበር።

«ያምሃል?» አለችው በሹክሹክታ።

«ትከሻዬን ነው።»

«ትከሻህን? የተመታኸው እኮ...»

«ተይኝ ምሥራቅ።»

የባዮሎጂ መምህሩ አድማሴ ሰሌዳው ላይ የሰው ቅርጽ ሣለ። አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ ነጠብጣብ አደረገ። «እግራችሁን እሾህ ሲወጋችሁ ብሽሽታችሁ ላይ ምን ያብጣል?»

«ንፍፊት!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ጎሽ። ንፍፊት ዝም ብሎ አያብጥም። ውስጡ ጦርነት አለ። ነጭ የደም ሕዋሳት ከአጥንት መቅኔ ይወለዳሉ። ግማሾቹ እዚያው ይሠለጥናሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ደረታችን ውስጥ ወዳለው ታይመስ ሄደው ይማራሉ። የሚማሩት ምን መሰላችሁ? ወገንን ከጠላት መለየት ነው። የራሱን አካል የሚመታ ሕዋስ ትምህርቱን አይጨርስም፤ እዚያው ይጠፋል።»

«ለምን ይገደላል ቲቸር?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ወገኑን የሚመታ ወታደር ከጠላት ስለሚብስ ነዋ!» መምህሩ በሥዕሉ ግራ ጎን፣ ከጎድን አጥንት ሥር፣ በቀይ ጠመኔ አንድ ክብ አደረገ። «ይኼ ጣፊያ ነው። ንፍፊት የሚጠብቀው አካባቢውን ነው፤ ጣፊያ ግን የሚጠብቀው ደሙን ነው። በደም የመጣ ጀርም እዚህ ይያዛል፤ ሕዋሳቱ መልኩን አይተው ለእሱ ብቻ የሚሆን አንቲቦዲ ይሠሩለታል። ካሸነፉ በኋላ አንዳንዶቹ አይሞቱም። ያንን መልክ ይዘው ዓመታት ይኖራሉ። ኩፍኝ አንዴ ከያዘህ የማይደግምህ ለዚህ ነው። ጣፊያ ታዲያ ደም የሞላበት ስስ ነገር ነው፤ ቢመታ...»

አጠገቧ ዴስኩ ተንቀጠቀጠ። ስንታየሁ ለመነሣት ሞክሮ ነበር። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል፤ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። «ቲቸር፣ ልውጣ...» አለና በዴስኮቹ መካከል በግንባሩ ተደፋ። የዴስኩ ጠርዝ ቅንድቡን ቀደደው። ሴቶቹ ጮኹ።

ጤና ጣቢያ ያደረሱት በባጃጅ ነው። መምህር አድማሴ ከፊት፣ ምሥራቅ ከኋላ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ነበር። ሲስተር ዘውድነሽ የምትባለው ነርስ ቅንድቡን በፋሻ እያሠረች ጠየቀችው።

«ምንህን ነው የሚያምህ?»

«ሆዴን። ጨጓራ አለብኝ።»

«ምግብ በልተሃል?»

«ከትናንት ጀምሮ አልበላሁም።»

«እንግዲህ ጨጓራ ነው፤ ወይ ታይፎይድ። ደም እንይለታለን። አፍንጫህስ?»

«ከበቅሎ ወድቄ ነው።»

ምሥራቅ ቀና ብላ አየችው። ስንታየሁ ዓይኖቹን ጨፍኗል። ለምን እንደሚዋሽ ገባት። አባቱ አያ ቢሻው በአዲስ ቅዳም የታወቁ ቁጡ ሰው ናቸው፤ ዱላ ከእጃቸው አይለይም። ልጃቸው መመታቱን ከሰሙ ትዕዛዙን ያጠፉታል። ሰረቀ መባሉን ከሰሙ ደግሞ ስንታየሁን።

ነርሷ የደም ግፊቱን ለካች። ፊቷ ተለወጠ። ደግማ ለካች። «ይኼ ልጅ ምን ሆኖ ነው? ግፊቱ እኮ ወርዷል...»

ምሥራቅ ነርሷንና ስንታየሁን አፈራርቃ አየች። ከተናገረች ወንድሟ አለቀለት። ዝም ልበል ስትል ደግሞ በቀይ ጠመኔ የተሠራው ክብ ከዓይኗ አልጠፋ አለ።

«ተመትቶ ነው!» አለች። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ጮኸ። «በእግር። በግራ ጎኑ፣ እዚህ ጋ። ረቡዕ ነው የተመታው።»

ስንታየሁ «ዝም በይ!» አለ፤ ጉልበት ግን አልነበረውም።

ሲስተር ዘውድነሽ ሸሚዙን ገለጠች። ከጎድን አጥንቱ ሥር ቆዳው ከሰል መስሏል። በሁለት ጣት ስትነካው ስንታየሁ እንደሚታረድ ፍየል ጮኸ። «ትከሻውንስ ያመዋል?»

«ግራውን» አለች ምሥራቅ።

«ጣፊያው ነው! ውስጥ ለውስጥ እየደማ ነው!» ነርሷ ወደ ኮሪደሩ ሮጠች። «አምቡላንስ ጥሩ! እንጅባራ ሆስፒታል ደውሉ፣ ደም ያዘጋጁ በሏቸው!» ከዚያ ተመልሳ ክንዱ ውስጥ መርፌ እየከተተች ሳታያት ጠየቀቻት። «ማነው የመታው?»

«ወንድሜ።»

በማግስቱ ቅዳሜ ጠዋት የምሥራቅ እናት ወይዘሮ ይታይሽ ግቢውን እየጠረጉ ሳለ በሩ በርግጫ ተከፈተ። አያ ቢሻው ገቡ። ሌሊቱን ሆስፒታል አድረው ነበር፤ ልጃቸውን ማን፣ በምን ሰበብ እንደመታው እዚያው ሰምተዋል፤ ዓይናቸው ደም ለብሷል፤ ዱላቸውን ከመሐሉ ጨብጠዋል።

«የታለ?»

ትዕዛዙ ከቤት ብቅ አለ። ምን እንደመጣበት ሳያውቅ «እርሱ እኮ ነው ስልኬን...» ብሎ ጀመረ።

አልጨረሰም። ዱላው ሲወርድ ክንዱን አነሣ፤ አጥንቱ ሲሰበር ምሥራቅ ከበሩ ሆና ሰማችው። ሁለተኛው ትከሻውን አገኘው። ትዕዛዙ ጭቃው ላይ ወድቆ አለቀሰ። የአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚፈራው፣ «እማዬ፣ እማዬ» እያለ አለቀሰ።

«ሌባም ቢሆን ልጄ ነው!» አያ ቢሻው ያጓራሉ። «የምቀጣው እኔ ነኝ! አንተ ማነህ? ሆዱን ቀደው ጣፊያውን አወጡት! ሰምተሃል? አውጥተው ጣሉት!»

ሦስተኛውን ሲያነሡ ወይዘሮ ይታይሽ ልጃቸው ላይ ተደፉበት። ዱላው በጫፉ ጀርባቸውን ነክቶ መሬት መታ። «በማርያም! በማርያም ይዤዎታለሁ!» አሉ፤ ከዚያም በአዊኛ ምሥራቅ በቅጡ ያልሰማችውን ነገር ደጋግመው ተናገሩ። አያ ቢሻው ዱላውን መልሰው አላነሡም። ጎረቤቶች ደርሰው ከኋላ ያዟቸው፤ ዱላውንም ነጠቁ። ሲወሰዱ አልታገሉም።

ፖሊስ የአያ ቢሻውንና የትዕዛዙን ቃል ተቀብሎ፣ ሁለቱንም በዋስ ለቀቃቸው። ሽማግሎች ገብተው ለሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ቀጠሮ ያዙ። እስከዚያው በገበያውም በትምህርት ቤቱም ወሬው አንድ ነበር፤ የቢሻው ልጅ ስልክ ሰርቆ ተመታ። ትዕዛዙ ክንዱ በጀሶ ታሽጎ፣ «ሰርቆ ባይሆን እኮ አልነካውም ነበር» ይላል። ይህን በሰማች ቁጥር ምሥራቅ ከምግብ ትነሣለች።

ረቡዕ ከትምህርት ቤት ቀርታ በሚኒባስ ወደ እንጅባራ ሄደች። ስንታየሁን ሰባት አልጋ ባለበት ክፍል ውስጥ፣ መስኮት ሥር ተኝቶ አገኘችው። አንድ ወጣት ሐኪም ሰነዱን ይዞ እያነጋገረው ስለነበር በሩ ላይ ቆመች።

«ጣፊያ የሌለው ሰው ይኖራል» ይለዋል ሐኪሙ። «ታገባለህ፣ ትወልዳለህ። መቅኔህ አለ፣ ንፍፊቶችህ አሉ፤ ሰውነትህ መዋጋት አልረሳም። ግን ደምህን የሚያጣራው ዘብ የለም። የሳንባ ምችና የማጅራት ገትር ጀርም ደምህ ውስጥ ከገባ በሰዓታት ውስጥ ሊገድልህ ይችላል። ስለዚህ ክትባት ከባሕር ዳር እናስመጣለን፤ ከቀዶ ጥገናው ሁለት ሳምንት ሲሞላህ ትወስዳለህ።»

«ክትባቱ ምን ያደርጋል?»

«ለቀሩት ሕዋሳት የጠላቱን መልክ አስቀድሞ ያሳያቸዋል። ሲመጣ አዲስ አይሆንባቸውም። ሌላው ደግሞ ትኩሳት ነው። ትኩሳት ከጀመረህ እስኪነጋ ልተኛ ማለት የለም። በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት። ዕድሜህን ሙሉ።»

ሐኪሙ ሲወጣ ስንታየሁ አያት። ከስቷል። «ምን ልትሠሪ መጣሽ?»

ምሥራቅ በሚኒባሱ ውስጥ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። «ስልኩ ሽንት ቤት ገብቶ ነው» አለች። «እኔ ነኝ የጣልኩት።»

ስንታየሁ አንገቱን ቀና አደረገ። ከጎኑ ባለው አልጋ የተኛ ሽማግሌ አሳለ።

«ለምን የኔን ስም?»

«እንጃ። በአፌ የመጣው...»

«አትዋሺ። አሁን እንኳ አትዋሺ።»

ምሥራቅ የአልጋውን ብረት ጨበጠች። «ጓደኛዬ ስለሆንክ ነው» አለች በመጨረሻ። «ሌላ ሰው ቢሆን ይጣላኛል። አንተ ግን ትችለኛለህ ብዬ ነው።»

ስንታየሁ ሊስቅ ሞከረና ቁስሉ ያዘው። እስኪያልፍለት ጥርሱን ነከሰ። «አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ከዳንክ ትምህርት የለም፣ ሌባ አላስተምርም፣ ከሰል ትከስላለህ አለኝ። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አደረ፤ ሲነጋ ይህን ነገረኝ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ ስንታየሁ።»

«አሁን ለእኔ ነገርሽኝ እንበል።» ፊቱን ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው አዞረ። «አለመስረቄን እኔ ድሮም አውቀዋለሁ። ውጪልኝ።»

ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ከግቢው ውጭ የሚኒባስ ረዳቶች «አዲስ ቅዳም! ዳንግላ! ዳንግላ!» ይጣራሉ። ከአሁኑ ብትሄድ እናቷ ሳትጠይቃት ቤት ትደርሳለች። የሽማግሎቹ ቀጠሮ ደግሞ ገና ለእሑድ ነው፤ እሑድ እናቷ ባለችበት፣ ሰው በተሰበሰበበት መናገር ይሻላል። ይህን እያሰበች እግሯ በኮሪደሩ መሐል ቆመ።

ጫፉ ላይ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ አያ ቢሻው ተቀምጠው ነበር። ዱላቸውን ጥበቃው በር ላይ አስቀርቶባቸዋል፤ ባዶ እጃቸውን አንድ ጊዜ ጉልበታቸው ላይ፣ አንድ ጊዜ ጭናቸው መሐል ያደርጋሉ። የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ቀና ሲሉ አወቋት። መንጋጋቸው ተንቀሳቀሰ።

የትዕዛዙ አጥንት ሲሰበር የሰማችው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ ዳግመኛ ተሰማት። ምሥራቅ ግን ሄዳ ክንዳቸው ሊደርስባት በሚችልበት ርቀት ፊት ለፊታቸው ቆመች።

«አያ ቢሻው፣ ልጅዎ ሌባ አይደለም» አለች። «ስልኩን የጣልኩት እኔ ነኝ። ስሙን ያነሣሁትም እኔ ነኝ። እሑድ ለሽማግሎቹ እናገራለሁ፤ አስቀድሞ ግን እርስዎ ይስሙኝ።»

ሰውየው ተነሡ። ምሥራቅ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።