ክንዷን የደበቀች ልጅ

የስምንት ዓመቷን ልጅ ቤተሰቡ ሁሉ ፍንጭቷ እያለ ይጠራታል። ስትስቅ የፊት ጥርሶቿ መሀል ያለው ክፍተት ስለሚታይ ነው። ከአንድ ወር ወዲህ ግን ሳቋም ቀርቶ ጠዋት ጠዋት ፊቷ አብጦ፣ ዓይኖቿ ጠብበው ትነሳለች። ቀለም ቀቢው አባቷ መጀመሪያ እንቅልፍ የበዛባት መስሎት ነበር። ካልሲዋን ሲያወልቅላት ቁርጭምጭሚቷ ላይ የቀረውን ጥልቅ ምልክት ያየ ቀን ግን ደነገጠና ወደ ሐኪም ቤት ይዟት ሄደ።

ሐኪሙ ኩላሊቷን እጠረጥራለሁ፣ የሽንትና የደም ምርመራ ያስፈልጋታል፣ ባይዘገይ ጥሩ ነው አለ። ሽንቱን ያለ ምንም ክርክር ሰጠች። ደም ሲባል ግን ሁለት ክንዶቿን ከጀርባዋ ደብቃ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። በዚያ ቀን አባቷና ሐኪሙ ለምነው ለምነው ሲያቅታቸው አባቷ ይዟት ተመለሰ።

የቀለም ቀቢው ሚስት ካረፈች ወዲህ ልጅቷን በማሳደግ የምታግዘው ታላቅ እህቱ ነበረች። ቤቱ ሁሉ እትዬ ነው የሚላት። ደግ ናት፤ ነገር ማለባበስ ግን ይቀናታል። በሳምንቱ ጫማ ልንገዛልሽ ነው ብለን እንውሰዳት አለች። እንዳለችው አደረጉ። ልጅቷ የሕንፃውን በር ስታይ የሄዱበት ጉዳይ ገባት። ውስጥ አራት ሰው ያዛት፤ ከአራቱ አንዱ አባቷ ነበር። የአባቷን እጅ ነከሰች። እየተፈራገጠች የተቀዳው ጥቂት ደም ጠርሙሱ ውስጥ ረግቶ ለምርመራ አይሆንም ተባለ። ለልጅቷ የተረፋት የጠቆረ ክንድ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሹራቧን ሳታወልቅ መተኛት ጀመረች። አባቷ ሲያናግራት ፊቷን ታዞራለች። እሱም ቀን መሰላል ላይ ወጥቶ ብሩሹን እንደያዘ ይፈዛል፤ የቀባውን ግድግዳ መልሶ ይቀባል። እብጠቱ ደግሞ ከፊቷ አልፎ ወደ ሆዷ ወረደ።

በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አባቷ ከሥራ አስፈቅዶ ከተደበቀችበት ከአልጋ ሥር ጎትቶ አወጣትና ተሸክሟት ሄደ። እትዬም ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተከተለች። የዚያን ቀን ተረኛዋ ጡረታዋ የተቃረበ፣ መነጽሯን አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች የላቦራቶሪ ባለሙያ ነበረች። ድካሟ ከአረማመዷ ይታወቃል። መርፌውን አላነሳችም። ወንበር ስባ ከልጅቷ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

እትዬ አላስቻላትም። «ሲስተር፣ ልጅ ምን ያውቃል ብለሽ ነው? ያዝ አድርጎ መገላገል ነው እንጂ።»

«ባለፈው ያዝ አድርጋችሁ ነበር፤ አልተገላገላችሁም» አለች ባለሙያዋ ድምጿን ሳታነሳ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች። «የሚያስፈራሽ መርፌው ነው?»

ልጅቷ ራሷን ነቀነቀች። አይደለም ማለቷ ነበር። ባለሙያዋ ሌላ ጥያቄ አልደረበችም፤ ዝም ብላ ጠበቀች።

«እማዬም ደም ልሰጥ ነው ብላ ሄዳ ነው የቀረችው» አለች ልጅቷ፣ ወለሉን እያየች።

እናቷ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆኗል። ለልጅቷ እናትሽ ሩቅ አገር ሄዳለች፣ ትመለሳለች ብለዋት ነበር። ይህን ሐሳብ ያመጣችው እትዬ ናት፤ አባቷም መናገሩ ስለከበደው ተስማማ። ልጅቷ ጥቂት ወራት ስትጠይቅ ከረመችና ተወችው። እነሱም ረሳችው ብለው ተጽናኑ።

አባት ልጁን ይዞ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። አግዳሚ ወንበሩ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ። በዕድሜው እንዲህ የከበደው ቃል አልነበረም።

«ልጄ፣ እማዬ ሩቅ አገር አልሄደችም። ሞታለች።»

ልጅቷ ቀና ብላ አየችው። «ደም ስለሰጠች ነው?»

«አይደለም። በጣም ታማ ነበር። ደሟን የቀዱት በሽታዋን ለማወቅ ነው። አወቁት፤ ግን ሊያድኗት አልቻሉም።»

«እትዬ ልብሷን ለሰው ስትሰጥ አይቻለሁ» አለች ልጅቷ። «የሚመለስ ሰው ልብሱ አይሰጥም።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ትዋሸኛለህ ብዬ።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነበር። እሱን የጎዳው ይኸው አለመቆጣቷ ነው። አቅፏት ትንሽ አለቀሱ። ከዚያ እኔስ ልሞት ነው ወይ ብላ ጠየቀችው። አትሞቺም ሊላት አፉን ከፈተና ቃሉን ዋጠው። ሐኪሙ በጊዜ ከታከመች ትድናለች እንዳለው፣ እሱም ከዚህ ሌላ እንደማያውቅ፣ ከምርመራው በኋላ የሚሰማውን ሁሉ ሳይደብቅ እንደሚነግራት ነገራት።

ተመልሰው ገቡ። ልጅቷ የግራ ይሁን ብላ ሹራቧን ራሷ ጠቀለለች። ባለሙያዋ ከማድረጓ በፊት እያንዳንዱን ነገር ትነግራት ነበር፤ ክንድሽን የማስርበት ጎማ ይጨብጥሻል፣ ጥጡ ይቀዘቅዝሻል፣ አሁን ደግሞ ያምሻል። እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ፤ ክንዷ ግን አልተንቀሳቀሰም። ሁሉም ነገር ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። ለዚያች ደቂቃ ሦስት ሳምንት ባክኗል።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ሲደርስ ሐኪሙ ወረቀቱን አየና በዓይኑ ልጅቷን ወደ ውጭ አውጣት የሚል ምልክት ሰጠ።

«ትስማ ዶክተር» አለ አባት። «ቃል ገብቼላታለሁ።»

ሐኪሙ ወረቀቱን አስቀመጠ። ኩላሊቷ መያዝ ያለበትን ፕሮቲን ወደ ሽንቷ እያፈሰሰ መሆኑን፣ ለብዙ ወራት መድኃኒት እንደምትወስድ፣ ደሟም በየጊዜው እንደሚመረመር አስረዳ። መዘግየቱም ዋጋ አስከፍሏል፤ የደም ግፊቷ ከፍ ብሏልና ለጥቂት ቀናት መተኛት አለባት። ቀድማ ብትመጣ ይህ ላይኖር ይችል ነበር አለ። አባት አልተከራከረም። ጥፋቱ የማን እንደሆነ ያውቀዋል።

እትዬ በሩ ላይ ስትጠብቅ ነበርና ልጅቷን እንዳየች ፈገግ ለማለት ሞከረች። ምንም አልተገኘብሽም አይደል፣ አሁን ወደ ቤት ነን አለቻት።

«ኩላሊቴ ታሟል» አለች ልጅቷ። «ዛሬ እዚሁ እተኛለሁ። አባዬ አልደበቀኝም፤ አንቺም አትደብቂኝ።»

እትዬ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ለሁለት ዓመት ስትሸሸው የኖረችውን ልቅሶ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀሰችው። ልጅቷም መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

ልጆች የምናሳድግ ሁሉ ይህን ልብ እንበል። ልጅ ምርመራ እምቢ ሲል አራት ሰው ከመጥራታችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቀው፤ መልሱንም ቁጭ ብለን እንጠብቅ። ያማል ወይ ሲለን የሚያም ከሆነ ያማል እንበለው። እንዳያለቅስ ብለን የምንደብቀውን እሱ ብቻውን ሲያብሰለስለው ይኖራል፤ ብቻውን የደረሰበት መልስ ደግሞ ከእውነቱ ይልቅ ያስፈራዋል። ቀለም ቀቢው ይህን ያወቀው ዘግይቶ ነው። እኛ ግን መዘግየት የለብንም።