አናጢውና የጥያቄ ሣጥኑ

ፍቅር በየት በኩል እንደሚገባ አይታወቅም፤ ወደ አናጢው ልብ የገባው ግን በሰፊ ቀዳዳ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ ሰውነት ለውጥ፣ ስለ ወር አበባ፣ ስለ እርግዝናና ራስን ስለ መጠበቅ ለሁሉም ተማሪ በግዴታ ያስተምሩ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። የባዮሎጂ መምህርቷም ልጆች ስማቸውን ሳይጽፉ ጥያቄ የሚከቱበት ባለቁልፍ ሣጥን አናጢው ዘንድ አዘዘች።

ሣጥኑን በወሰደች ማግስት ተሸክማ መለሰችው።

«በዚህ ቀዳዳ እኮ እጄ እስከ ክርኔ ይገባል። የልጆቹን ምስጢር አደባባይ ልታወጣው ነው?»

«ጥያቄ ስትዪኝ ትልቅ ጥያቄ መስሎኝ» አላት፣ መጋዙን አስቀምጦ።

ሳቀች። አጠበበው። አሁን ደግሞ የታጠፈ ወረቀት አላስገባ አለ። በሦስተኛው ክዳኑን ያጣመመው ግን አውቆ ነው። እሷም ገብቷታል፤ ገብቷትም እስኪቃና ድረስ ሰጋቱራው መሃል ተቀምጣ ጠበቀች።

ሣጥኑ ቢቃናም መምጣቷን አልተወችም፤ ሁለት ወር አለፈ። ዝምታቸው ሳይቀር ጨዋታ ሆነ። አንድ ዓርብ «የምጠይቅሽ ነገር አለ» አላት።

«መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ። ነገ የትምህርት ቤታችን ወላጆች በሐሳቡ ላይ ድምፅ ይሰጣሉ። ሰብሳቢው አባትህ ናቸው፤ ትምህርቱ ይቅር ባይ ናቸው፤ ቃላቸውም ይሰማል። አንተ ምን ልትል ነው?»

«ከሱ ጋር እንዲህ ያለ ነገር አውርቼ አላውቅም።»

«ታዲያ ከልጃችን ጋር ማን ሊያወራ ነው?»

«ልጃችን» ያለችውን ሁለቱም ሰሙት። ፊቷ ቀላ፤ ግን ቃሏን አላጠፈችም። «መልስህን ሳላይ ጥያቄህን አልሰማም» ብላ ወጣች።

ቅዳሜ ጠዋት የትምህርት ቤቱ አዳራሽ ጢም አለ። አናጢውም ታናሽ እህቱ እዚያ ስለምትማር ከአባቱ ጋር መጥቷል። አባትየው፣ ጡረታ የወጡ ሾፌር፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እኛን ማን አስተማረን? ይኸው ወልደን ከብደናል። ዝም አይነቅዝም።»

ተጨበጨበላቸው። መምህርቷ ተነሣች።

«አባባ፣ ሣጥኑ ውስጥ መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ አለ። አደራ ስለሆነ የማንንም አላነብም። የጻፉት ግን የፈሩ ልጆች ናቸው። ዝምታ ይነቅዛል።»

ጉምጉምታ ሆነ። ያኔ አናጢው ቆመ።

«አባዬ» አለ። «ልጅ እግር ሳለሁ፣ ሰውነቴ ሲለወጥ፣ በእንቅልፌ የደረሰብኝን ክፉ በሽታ ነው ብዬ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ አንሶላዬን ተደብቄ አጠብኩ። እማዬ ንጹሕ ልጅ ወጣልኝ እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ እኔ ልሞት ነው ብዬ ጓሮ አለቅሳለሁ። አንድ ሰው ‹ጤና ነው፣ አይዞህ› ቢለኝ ይበቃኝ ነበር።»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ በቀስ ሞተ፤ ብዙው ወንድ የየራሱን ጫማ ማየት ጀመረ።

አባትየው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«እኔም አጥቤአለሁ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። ማይክሮፎኑ ክፍት መሆኑን ረስተውት ኖሮ የኋላ ወንበር ድረስ ተሰማ።

ቀጥለውም «በሉ ድምፅ እንስጥ። ትምህርቱ ይሰጥ የምትሉ?» ብለው ከሁሉም ቀድመው እጃቸውን አነሡ። ሌላው ተከተላቸው።

አናጢው ደጅ ላይ ጠበቃት።

«አሁንስ ልጠይቅሽ?»

«ስለ አንሶላህ ይሄ ሁሉ ሕዝብ ከሰማ ወዲያ ከኔ ሌላ ማን ያገባሃል?» አለችና፣ አባቱም የተማሪዎቹ ወላጆችም እያዩ እጁን ያዘች።