የሼህ ታሂር እጅ

«እሳት ይኖርሃል?»

«ቀፎው ያንተ ነው።»

ሙህሲን የክብሪቱን ቀፎ በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገለት። የጎብዬ ከተማ በቀትር ፀሐይ ተቃጥላለች። ቀፎው ውስጥ ክብሪት የለም፤ ያለችው አንዲት ሜሞሪ ካርድ ናት። ተቀባዩን ገበያተኛው የማሽላ ደላላ እያለ ያውቀዋል። በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ግን የምሥጢር ስሙ «ጎተራ» ነው፤ የሙህሲን አለቃ። ሙህሲን ራሱ ደግሞ «ማሽላ» ነው። ሦስት ወር ሙሉ ቆቦ ውስጥ፣ በጋሹ ቪዲዮ ቤት፣ የሰርግ ፊልም እያቀናበረ ኖሯል።

«ያልተነካው ቅጂ ነው?»

«አዎ። ሼህ ታሂር አረንጓዴው ጨርቅ ፊት ቆመው የተናገሩት በሙሉ አለበት።»

ሁለት መንደሮች በጎርፍ ውኃ ቦይ ተጣልተው ደም ፈሷል። የአገር ሽማግሌው ሼህ ታሂር እርቁን ለነገ ቀጥረዋል። ጋሹ ደግሞ የእርቅ መልእክት እንቅረጽ ብሎ አታልሏቸዋል። ቃላቸውን ቆራርጦ፣ ከኋላቸው የሚነድ መንደር ለጥፎ፣ «ተነሱ፣ ደማችሁን መልሱ» ሊያሰኛቸው ነው። ከጋሹ ጀርባ ያሉት ጠመንጃ ነጋዴዎች እርቅ አይወዱም። እርቅ ካለ ማን ጠመንጃ ይገዛቸዋል?

«ሳይለቁት እንይዛቸዋለን። አንተ ምንም እንዳላወቀ ሁነህ ተመለስ» አለ ጎተራ።

ተመለሰ።

የቪዲዮ ቤቱን በር ሲከፍት ጋሹ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ሽጉጥ አለ። ከሽጉጡ አጠገብ የክብሪት ቀፎ።

ያው ቀፎ።

ጎተራ ከመጋረጃው ጀርባ ወጣ። «በል እንግዲህ ማሽላ፣ ሥራህን ጨርስ።»

የሙህሲን ደም ፈላ። አሥር ዓመት አብሮት በልቷል፤ አብሮት ቀብሯል። የበላበትን ወጪት ሰባሪ! ሊያንቀው ፈለገ። ሽጉጡ ግን ቅርብ ነበር።

ያልገደሉት ስላዘኑለት አይደለም። ጋሹ ሲቀርጽ አበላሽቶታል። ጨርቁ እንደተጨማደደ ነው። ሼኹን ከጨርቁ ጋር አጣብቆ ስላቆማቸው ነጭ ጢማቸው አረንጓዴ ሆኗል። መብራቱን ከአንድ ጎን ብቻ አብርቷል። እንዲህ ያለውን ምስል ሕፃን እንኳ ይስቅበታል። ማጥራት የሚችለው ሙህሲን ነው። እምቢ ቢል ገድለውት ከሌላ አገር ባለሙያ ያመጣሉ፤ ያ ደግሞ ቅንጣት ሳይተው ያጠራዋል።

ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ።

በኮምፒውተሩ ከምስሉ ላይ አረንጓዴ የሆነውን ሁሉ አጠፋ። ጨርቁ ሄደ። ጢሙ ነጣ። በሼኹ ቀኝ እጅ የነበረው እርጥብ ሣርም አብሮ ሄደ፤ ኮምፒውተር ጨርቅና ሣር አይለይም። የቀረው የተጨበጠ እጅ ብቻ ነው።

ጋሹ ሳቀ። «ቡጢ ሆነልን! ሣሩንማ ለጌጥ መስሎኝ ጣሉት ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

ለጌጥ! ጋሹም ጎተራም የሌላ አገር ሰዎች ናቸው። ሙህሲን ግን እዚሁ አጠገብ፣ ሮቢት ነው ያደገው። በዚህ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ከያዘ የደም ነገር ከአፉ አይወጣም። ከወጣ ሽማግሌ አይደለም።

ሣሩ ጠፍቷል። ጥላው ግን በነጩ ጋቢ ላይ ቀርቷል። የጋሹ የአንድ ጎን መብራት የጣለው ነው፤ ሼኹ እጃቸውን ሲያነሱ ይወዛወዛል። ሙህሲን ሊያጠፋው ይችላል።

አላጠፋውም። ትንሽ አጠቆረው።

«ምን እያደረግህ ነው?» ጎተራ ከኋላው መጣ።

«ጋቢው በጣም ነጣ። ፊታቸውን ይበላዋል።»

ጎተራ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ። ጢሙን አየ። እሳቱን አየ። ቡጢውን አየ።

«ጥሩ ነው። ልቀቀው።»

በዘጠኝ ሰዓት ቪዲዮው ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። አንድ ሰዓት ሙሉ ምንም አልተሰማም። ከዚያ ከቦዩ በኩል ተኩስ ተሰማ። ጋሹ ፈገግ አለ። ሙህሲን ራሱን ረገመ። ማንም ጥላውን ባያይስ? ተኩሱ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው የሩጫ ድምፅ ነው።

«የታለ ጋሹ?» አለች አንዲት ሴት ከውጭ። «ሼኹ እርጥብ ይዘው ነው የተናገሩት! ጥላውን አይተነዋል! ይህ የእሳቸው ቃል አይደለም!»

በሩ ተገነጠለ። የሁለቱም መንደር ጎረምሶች አንድ ላይ ገቡ። ጋሹ ሽጉጡን አነሳ። ሙህሲን በካሜራው ማቆሚያ ክንዱን መታው፤ ጥይቱ ጣሪያውን በሳ። በዚያ ግርግር ያየለት የለም። ሦስቱም አንድ ላይ ተደበደቡ።

አንድ ሽማግሌ ሙህሲን ፊት ላይ ተፉበት። «አንተን የወለደች እናት ምን ትበል!»

እናቱ ሮቢት ናት። ሙህሲን ምራቁን በእጅጌው ጠረገ። ማንነቱን ቢናገር በጠመንጃ ነጋዴዎቹ መሐል የቀሩት፣ ጎተራም የማያውቃቸው ባልደረቦቹ በማግስቱ ሬሳ ናቸው።

ፖሊስ አስጣላቸው። ጎተራና ጋሹ ታሰሩ። ሙህሲንን ከመሥሪያ ቤቱ የመጡ ሰዎች በጓሮ በር አወጡት። እርቁም ተፈጸመ። ግን በዚያ ተኩስ ቦዩ ላይ አንድ ሰው ተገድሏል። ሙላት ይባላል። ባለፈው ወር ሰርጉን የቀረጸው ሙህሲን ነው፤ ሙሽራዋ ቆንጅት ፊልሙን ገና አላየችውም።

ወደ ወልድያ የሚሄደው አውቶቡስ ሮቢት ላይ ቆመ። ሙህሲን አልወረደም። አጠገቡ የተቀመጠው ገበሬ ወሬውን ከቆቦ ጀምሮ አላቆመም።

«ያ አቀናባሪው ግን ጠፋ አሉ። ወላሂ ባገኘው!»

«ምን ታደርገዋለህ?»

«አንቄ ይዤ ስለ ሙላት እጠይቀዋለሁ። አንተስ ወንድሜ፣ ሥራህ ምንድን ነው?»

«ሥራ ፈት ነኝ» አለ ሙህሲን። ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ። «ካገኘኸው ግን በደንብ ጠይቀው።»